ግጥሙ የነሱ፣ ቅኝቱ የኛ

ስለ ደርግ ዘመን ሙዚቃ ሲወራ ሁሌ የሚወራው የአዲስ አበባው ነው። በሰዓት እላፊ ምክንያት በር ተቆልፎ እስኪነጋ ስለሚጨፈርበት የሆቴል ሌሊት፣ ስለ ትልልቆቹ ባንዶች፣ በዛው ተሰደው ስለቀሩት ድምፃውያን። እሱም ታሪካችን ነው፣ ይወራ። ግን ደሴ ላይስ? ኮምቦልቻ ላይስ? በነዛ 17 ዓመታት ሐይቅ፣ ወረኢሉ፣ ባቲ ላይ ክራር ይዞ የነበረ ልጅ ምን ሲያደርግ ነበር ብሎ የሚጠይቅ ሰው ብዙም አላጋጠመኝም፣ ከተጠየቀም መልሱ አጭር ነው፣ "ኪነት ነበሩ፣ ለደርግ ይዘፍኑ ነበር" ይባልና ወሬው ይዘጋል። ኪነት የሚባለው በየቀበሌውና በየአውራጃው የነበረው የሙዚቃና የውዝዋዜ ቡድን ነው። ይሄ አዘጋግ ያናድደኛል። ያሳደገኝ ሰው ከነሱ አንዱ ስለሆነ ብቻ አይደለም፣ ነገሩ ልክ ስላልሆነም ጭምር ነው።

አያ የእናቴ ታላቅ ወንድም ነው፣ ቤት ውስጥ ሁላችንም አያ ነው የምንለው። ክራር የለመደው ደሴ ሰኞ ገበያ አካባቢ ከሚኖሩ አንድ ሽማግሌ ነው፣ ተቀምጠው ሲጫወቱ አጥር ስር ቆሞ እየሰማ፣ ኋላ ላይ እሳቸው ራሳቸው አይተውት ግባ ብለውት። የመጀመሪያ ክራሩን አያቴ ሰብረውበታል። ልጃቸውን ጠልተው አይደለም፣ አዝማሪ የሚለው ስም ያኔ ስድብ ስለነበረ ነው። ሙዚቀኛ ለሰርግ ይጠራል፣ ያዘፍናል፣ ያስጨፍራል፣ ብር ግንባሩ ላይ ይለጠፍለታል፣ ልጅህን ዳርልኝ ቢል ግን በሩ ይዘጋበታል። ይሄን የምላችሁ ደሞ ወሎን ነው። ከአራቱ ቅኝቶቻችን ሁለቱ፣ አምባሰልና ባቲ፣ በወሎ ቦታ ስም የሚጠሩ ናቸው፣ ትዝታም የወሎ ነው የሚል ሰው ሞልቷል፣ ማታ መንዙማው ከአንዱ ቤት ሲወጣ ጎረቤቱ ክርስቲያን አብሮ እያንጎራጎረ የሚያድግበት አገር ነው። ዘፈኑን እንዲህ የሚወድ ህዝብ ዘፋኙን ግን ይንቀው ነበር፣ ይሄን ሳንናገር ስለ ኪነት ብናወራ ምንም አይገባንም።

ከዛ ደርግ መጣ። መስከረም 1967። ሐምሌ 1967 ላይ ደሞ የከተማ ቤት አዋጁ ወጣና ቀበሌ የሚባለው ነገር ተፈጠረ፣ ቀበሌው አዳራሽ ኖረው፣ ሊቀመንበር ኖረው፣ አብዮት ጥበቃ ኖረው፣ ቀስ እያለም ኪነት ኖረው። የቀበሌ ኪነት አለ፣ ከፍ ሲል የከፍተኛ፣ ከዛ የአውራጃ፣ ከሁሉም በላይ የክፍለ ሀገሩ። ደሴ ላይ ከላይ የነበረው እነ ማሪቱ ለገሰ የወጡበት ወሎ ላሊበላ ነው፣ እሱን የማያውቅ ያለ አይመስለኝም። እኔ ግን የማወራው ከሱ ስር ስለነበሩት ነው፣ ካሴት ስላላሳተሙት፣ ሬዲዮ ላይ ስማቸው ስላልተጠራው፣ በሰልፍ ቀን የጭነት መኪና ላይ ቆመው እየዘፈኑ ከተማውን ስለሚዞሩት።

አያ ቀበሌ አዳራሽ ሄዶ ክራር እችላለሁ አለ፣ ተጫወት ተባለ፣ ተጫወተ፣ በነጋታው የኪነት አባል ሆነ። አያቴ እንዴት አልተቆጡም ስለው "መንግስት ነው የጠራኝ፣ መንግስት የጠራውን ማን ይሰብራል" አለኝ። አስቡት እንግዲህ፣ ትናንት አጥር ስር ተደብቆ ክራር የሚሰማ ልጅ ዛሬ አዳራሽ ውስጥ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሰው እያጨበጨበለት ይጫወታል። አውራጃ ሲደርስ ደሞ አበል ነበረው። ሙዚቃ ሰርቶ በወር መጨረሻ ፈርሞ ብር መቀበል ማለት ለዛ ትውልድ ተራ ነገር አልነበረም። ማሲንቆ ተጫዋቹ ጓደኛው ከአዝማሪ ቤተሰብ የተወለደ ነው፣ አባቱም አያቱም በየሰርጉ እየዞሩ ያደጉ፣ እና የመጀመሪያ አበሉን የተቀበለ ቀን ለአባቱ ሰጥቷቸው አባትየው ብሩን ሳይሆን የፈረመበትን ወረቀት ማየት ፈለጉ አሉ። ይሄንን አያ ሲነግረኝ ሁሌ ድምፁ ይለወጣል።

ስለዚህ ኪነቱ የሰጣቸው ነገር ነበረ፣ እሱን መካድ አይቻልም። የወሰደባቸው ደሞ ቃላቸውን ነው።

ግጥም እንደፈለጉ መዝፈን የለም። የመፈክሩ ግጥም ከላይ ተጽፎ ይመጣል፣ "አብዮት ወይም ሞት"፣ "ሁሉም ነገር ወደ ጦር ግንባር"፣ ያው ሁላችሁም የምታውቁት ነው። ራሳቸው የጻፉትን ደሞ ለካድሬ ያስገባሉ፣ ታይቶ በቀይ እስኪብርቶ ተሰርዞ ይመለሳል። አንድ የፍቅር ዘፈን ውስጥ "ጨለማ" የምትል ቃል ነበረችና ተሰረዘች፣ የምን ጨለማ ነው፣ በአብዮቱ ዘመን ምን ጨለማ አለ ተብለው። "ናፈቀኝ" የሚል ቃልም ያስጠይቃል፣ ማን ነው የናፈቀህ፣ የት ሄዶ ነው? እና በዛን ጊዜ መልሱን ሁሉም ሰው ያውቀዋል። ከፊሉ ጫካ ገብቷል፣ ከፊሉ ታስሯል፣ ከፊሉ የት እንዳለ አይታወቅም።

1969 እና 70ን፣ የቀይ ሽብሩን ጊዜ፣ አያ ብዙ አያወራም። አንድ ነገር ብቻ ነግሮኛል። ከበሮ መቺያቸው የወይዘሮ ስህን ትምህርት ቤት ተማሪ ነበር፣ ቀጭን፣ ረጅም፣ ሲመታ ዓይኑን የሚጨፍን ልጅ። አንድ ቀን ልምምድ አልመጣም። በሚቀጥለውም አልመጣም። የት ሄደ ብሎ የጠየቀ ሰው አልነበረም፣ ሊቀመንበሩ ሌላ ልጅ አመጣና ከበሮውን ያዝ አለው፣ አዲሱ ልጅ ደሞ ማንገቻውን ማሳጠር ነበረበት ምክንያቱም አጭር ነው፣ እና ሁሉም ዝም ብለው ማንገቻው እስኪያጥር ጠበቁ። ከዛ ልምምዱ ቀጠለ። አያ አሁንም ድረስ ከበሮ ሲያይ መጀመሪያ የሚያየው ማንገቻውን ነው።

ሰዓት እላፊው ሙዚቀኛውን የጎዳው ይመስላል አይደል? ስራ ማታ ነው፣ ማታ ደሞ መንቀሳቀስ ክልክል ነው። ግን ሰርግ ላይ የሆነው ሌላ ነው። ሰርግ ቤት የገባ ሰው እስኪነጋ መውጣት ስለማይችል ድንኳኑ ውስጥ ያድራል፣ በደሴ ብርድ ጋቢ ደርቦ እሳት ዳር ተኮልኩሎ ሌሊቱን ሙሉ ሙዚቃ ይሰማል፣ ተሰማ ማለት ደሞ ዝም ብሎ ጭፈራ አይደለም፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት በኋላ ጨፋሪው ሲደክመው አምባሰል ይጠየቃል። አምባሰል ጊዜ ይፈልጋል፣ በችኮላ አይዘፈንም፣ ዘፋኙም ሰሚውም የሚሄዱበት ቦታ በሌለበት ሌሊት እንደዛ ሆኖ ነው የሚዘፈነው። በዛ ሰዓት ቀይ እስኪብርቶ የለም። ካድሬው ራሱ ሰርገኛ ሆኖ ጥግ ላይ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል፣ ቢሆንም ዝም ይላል፣ እሱም የወሎ ልጅ ነው። አያ እንደሚለው ጥሩ ክራር የተጫወተው በነዛ ሌሊቶች ነው፣ መድረክ ላይ አይደለም።

መድረክ ላይ ስላደረጉት ነገር ደሞ ልንገራችሁ፣ ይሄን ጽሑፍ የጀመርኩትም በሱ ምክንያት ነው።

የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ የወጣው 1975 ላይ ነው። ከዛ በኋላ ምልመላ ነው፣ አፈሳ ነው፣ ልጅ ዳቦ ሊገዛ ወጥቶ ይቀራል። የኪነት መታወቂያ የያዘ ግን አይታፈስም፣ ቢታፈስም ይለቀቃል፣ እና እነ አያ ከአፈሳ ተርፈው የታፈሱትን እኩዮቻቸውን በዘፈን መሸኘት ስራቸው ሆነ። ሆጤ ሜዳ ላይ ሽኝት አለ ይባላል፣ መኪናዎቹ ይደረደራሉ፣ እናቶች ይመጣሉ፣ ባለስልጣን ንግግር ያደርጋል፣ ኪነቱ ይዘፍናል።

አንድ የሽኝት ቀን የተሰጣቸው ግጥም የማርሽ ነው፣ ጀግና ሂድ፣ ድል ያንተ ነው ምናምን የሚል ዓይነት። በልምምድ ጊዜ በትዝታ ማይነር ሰርተውታል፣ ፈጠን አድርገው፣ በችክችካ ምት። ካድሬውም ሰምቶ አጽድቋል። አሁን ክራር የማትጫወቱ ሰዎች አንድ ነገር እወቁልኝ። ትዝታ ማይነርና አምባሰል አምስቱ ድምፆቻቸው አንድ ናቸው። ክሩን መፍታት ማጥበቅ አያስፈልግም፣ መቃኛውን ሳትነካ ከአንዱ ወደ ሌላው ትገባለህ፣ ልዩነቱ ከየት ተነስተህ የት ታርፋለህ የሚለው ላይ ነው። ክራሩን የሚያይ ሰው ምንም የተለወጠ ነገር አያይም። የሚሰማው ሰው ግን፣ በተለይ ወሎ የተወለደ ሰው፣ ሆዱ ያውቀዋል።

ዘፈኑ ተጀመረ፣ እንደተለማመዱት። መሀል ላይ ማሲንቆው ማረፊያውን ለወጠ። ተነጋግረው አልነበረም ይላል አያ፣ ወላሂ ብሎ ነው የሚምለው፣ ጓደኛው ምን እንዳየ አያውቅም፣ ምናልባት መኪና ላይ የተጫነ ዘመድ አይቶ ይሆናል፣ ብቻ ደጋኑን ቀስ አደረገና አምባሰል ላይ አረፈ። አያ ተከተለው። ዋሽንቱም ተከተለ። ከበሮው ትንሽ ግራ ገባውና እሱም ረገብ አለ። ዘፋኟ ያንኑ የማርሽ ግጥም ይዛ ነው የቀጠለችው፣ አንድ ቃል አልጨመረችም አልቀነሰችም፣ ጀግና ሂድ ነው የምትለው፣ ድል ያንተ ነው ነው የምትለው፣ ግን በአምባሰል እየሳበች። ሜዳው ላይ መጀመሪያ ጸጥታ ሆነ፣ ከዛ አንዲት እናት ጮኹ፣ ከዛ የሁሉም እናት ለቅሶ ተቀላቀለ፣ መኪና ላይ ያሉት ልጆችም አለቀሱ፣ ከአጃቢዎቹ ወታደሮች አንዱ ፊቱን አዙሮ ቆመ።

ማታ ተጠሩ። "ጓዶች፣ ህዝቡን ለምን አስለቀሳችሁ?" ተባሉ። ማሲንቆ ተጫዋቹ ወረቀቱን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አደረገና "ጓድ፣ ግጥሙ የሰጣችሁን ነው፣ ይታይ" አለ። ታየ። ቃል በቃል ልክ ነው። ሙዚቃ የሚያውቅ ሰው ቢኖር ያልቅላቸው ነበር፣ ወይም ደሞ የሚያውቅ ነበረና ዝም ብሏል፣ አያ ሁለተኛው ይመስለዋል። ሁለት ወር ከመድረክ ታገዱ፣ በዛ አለፈ።

ይሄን ታሪክ ከሰማሁ በኋላ "ለደርግ ይዘፍኑ ነበር" የሚለውን አባባል እንዴት ልቀበለው? አዎ ዘፍነዋል። ለመብላትም ዘፍነዋል፣ ከአፈሳ ለመትረፍም ዘፍነዋል፣ ከፊሉም በመጀመሪያዎቹ ዓመታት አምኖበት ነው የዘፈነው፣ መሬት ላራሹ ሲባል ወሎ ላይ የጭሰኛ ልጅ ቢደሰት ምን ይገርማል። ግን ግጥሙን አስረክበው ቅኝቱን አላስረከቡም። ሳንሱሩ የሚያውቀው ወረቀት ላይ ያለውን ነው፣ የወሎ ሰው ደሞ ከጥንትም ሀዘኑን ያስቀመጠው ወረቀት ላይ አይደለም።

የ1977ቱን ሳላነሳ ማለፍ አልችልም። ደርግ ሲመጣ የወሎን ረሃብ ይዞ ነው የመጣው፣ ንጉሱ ሊወርዱ አንድ ማታ ሲቀር የ65 እና 66ቱ ረሃባችን ፊልም በቴሌቪዥን የታየው እሳቸውን ለመክሰስ ነው። ከ10 ዓመት በኋላ፣ መስከረም 1977፣ አዲስ አበባ ላይ የአብዮቱ አስረኛ ዓመት በዓልና የደርጉ ፓርቲ የኢሠፓ ምስረታ በድግስ ሲከበር ያኔ የወሎ አካል የነበረችው ኮረም ላይ ሰው በየቀኑ እየሞተ ነበር። የወሎ ኪነቶች ለበዓሉ ወራት ሙሉ ተለማምደዋል። አያ ከልምምድ ወጥቶ በደሴ ፒያሳ በኩል ወደ ቤቱ ሲሄድ ከገጠር የመጡ ሰዎች በረንዳ ስር ተኝተው በመካከላቸው ያልፋል፣ በነጋታው ተመልሶ የደስታ ዘፈን ይለማመዳል። በዛ ዓመት የዘፈነውን ዘፈን እስከዛሬ አንዱንም ደግሞት አያውቅም፣ እኔም ዝፈንልኝ ብዬው አላውቅም።

ሴቶቹን በተመለከተ ያለኝ ከአንዲት እናት የሰማሁት ነው፣ የአውራጃ ኪነት ተወዛዋዥ የነበሩ፣ አሁን ኮምቦልቻ የሚኖሩ። "ኪነት ባልገባ ኖሮ በልጅነቴ ተድሬ ነበር" አሉኝ፣ በኪነት ምክንያት ማንበብ ተማሩ፣ ላስታን፣ የጁን፣ የወሎውን ቦረና አዩ፣ የራሳቸውን ብር ያዙ። ትከሻቸው አሁንም ልዩ ነው፣ ቡና እያፈሉ ሲስቁ እንኳ ይታያል። ከዛ ስለ ሌላው ነገር ጠየቅኳቸው፣ ትልልቅ እንግዶች ሲመጡ ከዝግጅቱ በኋላ ልጃገረዶቹ ለመስተንግዶ ይቆዩ ይባሉ እንደነበር ሰምቼ ስለነበር። ሲኒውን ረከቦቱ ላይ አስቀመጡና "እሱን ተዪው ልጄ" አሉኝ። ተውኩት። ግን እዚህ ጽፌዋለሁ፣ ምክንያቱም እሳቸው መናገር ስላልፈለጉ አልነበረም ማለት አይደለም፣ የኪነትን ዘመን በናፍቆት ብቻ የሚያወሩ ሰዎችም ይሄን ማወቅ አለባቸው።

ግንቦት 1983 ደርግ ሄደ። ኪነቶቹ ተበተኑ፣ የመሳሪያው ነገር ያየ የለም፣ አንዳንዱ ተዘረፈ፣ አንዳንዱ በቀበሌ መጋዘን ውስጥ በሰበሰ። ብዙዎቹ ፎቷቸውን ራሳቸው አቃጠሉ፣ ካኪ ለብሰው የተነሱት ስለሆነ። አያ መጋዘን ጠባቂ ሆነ። ሰፈር ውስጥ ሲጣሉት ምን እንደሚሉት ታውቃላችሁ? "የደርግ አዝማሪ"። የድሮው ስድብና የአዲሱ ስድብ አንድ ላይ። ለ17 ዓመት ከአዝማሪነት ስድብ ያወጣው ነገር ሲወድቅ ስድቡን ከነጓደኛው መለሰለት ማለት ነው። ማሲንቆ ተጫዋቹ ደሴን ለቆ ወጣ፣ ካዛንቺስ አዝማሪ ቤት ይጫወት ነበር የሚል ወሬ ነበር፣ ከዛ ወሬውም ጠፋ።

አሁን ስላለው ብዙ አልልም፣ ቁስሉ ገና ነው። ጥቅምት 2014 ደሴና ኮምቦልቻ በጦርነቱ ሲያዙ፣ እስከ ኅዳር መጨረሻ የነበረውን ያየ ሰው ያውቀዋል። ከዛ በ2015 ክረምት ደሞ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ፣ ኮማንድ ፖስት፣ እንደገና ሰዓት እላፊ። ሰፈራችን ውስጥ ኪቦርድ ይዞ ሰርግ የሚሰራ ልጅ አለ፣ ሞንታርቦና ኪቦርዱን ያጠራቀማት ብር ሁሉ ያለቀችበት። ያኔ ሰርግ ሁሉ ወደ ቀን ዞሮበት ነበር፣ በአስራ አንድ ሰዓት ጠቅልሎ መሄድ ነበረበት፣ ሙዚቃው ሞቅ ሲል እቃ ማንሳት ነበር። የሚዘፈነውም ዘፈን ማን ሰማብኝ እየተባለ ነው የሚመረጠው፣ ይሄን ዘፈን ካጫወትክ የእነ እንትና ነህ፣ ያንን ከተውክ የእነ እንትና ነህ። አንድ ቀን እኛ ቤት መጥቶ አያን አማከረው፣ እናንተ ያኔ እንዴት ትሰሩ ነበር ብሎ። አያ ግጥሙን ተወው አለው፣ ዜማውን ብቻ ምታ፣ ሰዉ ግጥሙን በልቡ ያውቀዋል። ከዛ ክራሩን አወጣና ትዝታ ማይነር ላይ ቃኝቶ ወደ አምባሰል እንዴት እንደሚገባ አሳየው፣ ልጁም ኪቦርዱን አምጥቶ እስኪመሽ ሞከሩት፣ ብዙ ጊዜ ማረፊያው ላይ እየሳተ። አያ ዝም ብሎ ይደግምለታል፣ እዚህ ጋ እረፍ፣ አይደለም፣ እዚህ ጋ።

እኔ አሁን የማደርገው ቀላል ነገር ነው። ከቃጠሎ የተረፉ ፎቶዎችን እየሰበሰብኩ ነው፣ አያ ጋ ትንሽ አሉ፣ ኮምቦልቻ ያሉት እናት ጋ አንድ አለ፣ አብዛኛው ጀርባው ባዶ ነው፣ ስም የለም፣ ቀን የለም። የጭነት መኪና ላይ የቆሙ ልጆች፣ ከኋላቸው ባነር፣ ራቅ ብሎ የጦሳ ተራራ። አያ የሚያስታውሰውን እየነገረኝ በእርሳስ እጽፋለሁ። በናንተም ቤት ይኖራል፣ ወላጆቻችሁ ቁም ሳጥን ውስጥ፣ የድሮ ቦርሳ ውስጥ፣ የቁርአኑ ወይም የዳዊቱ መሀል። አባቶቻችሁ በህይወት ካሉ ዛሬ ጠይቋቸውና ጀርባው ላይ ጻፉት፣ ማን ምን ይጫወት እንደነበር፣ የየትኛው ቀበሌ ኪነት እንደነበር፣ ከበሮውን የያዘው ልጅ ስሙ ማን እንደሆነ።